«የቆጡን አወርድ ብላ» ስላልንበት ጥናት፦ የግለ ሂስ ቃል

በቅርቡ በተደረገው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነሣውን ክርክር የተካፈሉ አባሎች ሁሉ ያስታውሱታል። አንድ የፊዚክስ ተማሪ ወንድማችን ለሁለተኛ ዲግሪው የመረጠውን ርዕስ አስረዳ። ሥራው ወደ ብርሃን ፍጥነት በሚጠጋ ፍጥነት የሚጓዝ ፕላዝማ እንዴት እርጋታውን እንደሚያጣ፣ በውስጡም ያሉት የማግኔት መስመሮች እንዴት ተበጥሰው እንደገና እንደሚያያዙ በኮምፒዩተር አስመስሎ ማጥናት መሆኑን ገለጸ። ንግግሩን ሳይፈጽም ጉርምርምታ ተነሣ። ከሁሉ ይልቅ ድምፃችንን ከፍ አድርገን የተቃወምነው እኛ የሕክምና ተማሪዎች ነበርን። «እናት በወሊድ፣ ሕፃን በተቅማጥ የሚሞትባት አገር ልጅ ሆነህ ሰማይ ላይ ምን ትሠራለህ? ይህማ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው» አልነው። ተጨበጨበልን። እሱም ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ያ ጭብጨባ ውሎ ሲያድር አሳፈረን። በሽተኛውን ሳይመረምር መድኃኒት የሚያዝዝ ሐኪም ጥፋተኛ መሆኑን ዘወትር የምንማር ሰዎች፣ ስለ ጥናቱ አንዳች ሳናውቅ ፈርደንበታልና። ከዚያ ወዲህ ወንድማችን ዘንድ ሄደን፣ ብዙ ምሽት አስቸግረነው፣ የሰጠንንም ጽሑፍ እየተጋገዝን አንብበን አንድ አቋም ላይ ደርሰናል። ነቀፌታው በአደባባይ ስለነበረ ግለ ሂሱም በአደባባይ መሆን ይገባዋል ብለን ይህን ጽሑፍ አቅርበናል። (የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ምንድን ነው?

ለእኛ ፕላዝማ ማለት የደም ሴሎችን ተሸክሞ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ነው። የፊዚክሱ ፕላዝማ ሌላ ነው፤ ሆኖም ስሙ ከእኛው ሙያ የተወሰደ መሆኑ ይነገራል። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ኧርቪንግ ላንግሙር በ1928 ስሙን ሲያወጣ፣ ኤሌክትሮኖችንና አዮኖችን አቅፎ የያዘው ጋዝ የደምን ፕላዝማ አስታውሶት ነበር ይባላል። ጋዝ እጅግ ሲግል ወይም በብርቱ ጨረር ሲመታ አቶሞቹ ኤሌክትሮኖቻቸውን ይለቃሉ፤ የሚገኘውም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጋዝ ፕላዝማ ነው። ፀሐይ ፕላዝማ ናት። የመብረቅ መንገድ ፕላዝማ ነው። በዓይናችን ከምናያቸው የሰማይ አካላት አብዛኞቹ ከዚሁ የተሠሩ ናቸው።

ፕላዝማ ከማግኔት መስክ ጋር ተቆራኝቶ ይኖራል። አቅጣጫቸው ተቃራኒ የሆኑ ሁለት የማግኔት መስኮች ሲገፋፉ፣ በመካከላቸው እንደ አንሶላ የሳሳ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል። ይህ አንሶላ አይረጋም። ፉርዝ፣ ኪሊንና ሮዝንብሉት የተባሉ ሦስት ሳይንቲስቶች በ1963 እንዳሳዩት ይቀደዳል፤ በተቀደደበትም ቦታ የማግኔት መስመሮቹ ተበጥሰው ከማዶኛው መስመር ጋር እንደገና ይያያዛሉ። ይህ ነው «ዳግም መያያዝ» የሚባለው። በመስኩ ውስጥ ተጠራቅሞ የነበረው ጉልበትም በአንድ ጊዜ ወደ ሙቀትና ወደ ቅንጣቶች ፍጥነት ይለወጣል። በፀሐይ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ የሚነሡት ፍንዳታዎች ምንጫቸው ይኸው ነው። በ1957 እና በ1958 ፓርከርና ስዊት የተባሉ ሊቃውንት ያወጡት የመጀመሪያ ስሌት ግን ሂደቱ ወራትና ከዚያም በላይ መፍጀት ነበረበት የሚል ውጤት ሰጠ። በስሌቱና በሚታየው ነገር መካከል ያለው ይህ ቅራኔ የብዙ ሰዎችን ዕድሜ የጨረሰ ጥያቄ ሆነ።

አንድ የሙያ ባልደረባችንና አንድ ኮከብ

ጉዳዩ ወደ ብርሃን ፍጥነት የሚጠጋበትን ቦታ ለመረዳት ከዚሁ ከመካከለኛው ምሥራቅ እንነሣ። በ1054 ዓ.ም. በሰማይ ላይ አዲስ ኮከብ ታየ። ቻይናውያን 23 ቀን ሙሉ በቀን ብርሃን ይታይ እንደነበር መዝግበዋል። የባግዳዱ ሐኪም ኢብን ቡጥላንም በሒጅራ 446 ዓመት በገውዝ አካባቢ ታየ ስላለው ብርቱ ኮከብ ጽፏል፤ በዘመኑ የተነሣውንም ወረርሽኝ ከኮከቡ መታየት ጋር አያይዞታል። ሁለቱ ኮከቦች አንድ መሆናቸውን የሚያመለክት ጥናት በ1978 ታትሟል። ሐኪሙ ኮከቡን ለበሽታ ምክንያት ማድረጉ ስህተት ነበር። ነገር ግን ያየውን ጽፎ ማቆየቱ ከ900 ዓመት በኋላ ለሳይንስ ጠቀመ። እኛ በስብሰባው ላይ «ሐኪም ሰማይ ምን ያደርግለታል?» ስንል ይህን አናውቅም ነበር።

የዚያ ኮከብ ፍርስራሽ ዛሬ ክራብ ወይም የሸርጣን ኔቡላ ይባላል። ከእኛ ያለው ርቀት ብርሃን በ6,500 ዓመት ገደማ የሚሄደው ነው። በመሐሉ በሰከንድ 30 ጊዜ ያህል የሚሽከረከር፣ እጅግ ብርቱ ማግኔት የሆነ የሞተ ኮከብ አለ። ከእርሱ የሚወጣው ፕላዝማ በአብዛኛው ከኤሌክትሮንና እኛ በፔት ምርመራ ከምናውቀው ከፖዚትሮን የተሠራ ነው።

ሳይንቲስቶች ይህ ኔቡላ ከመርጋቱ የተነሣ የጨረር መለኪያ መሣሪያዎቻቸውን ያስተካክሉበት ነበር። በመስከረም 2010 ግን አጂልና ፌርሚ የተባሉ ሁለት ሳተላይቶች በጋማ ጨረር ድንገት ሲነድ አዩት። በሚያዝያ 2011 ደግሞ ከዚያ የበረታ ነበልባል ታየ። የሚያስገርመው ብርታቱ ብቻ አይደለም። በማግኔት መስክ ውስጥ የሚሮጥ ኤሌክትሮን ጨረር እየረጨ ጉልበቱን ስለሚያጣ፣ በተለመደው ሁኔታ የሚረጨው ጨረር ከ160 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሊያልፍ አይችልም ተብሎ ይታወቅ ነበር። ነበልባሉ ይህን ወሰን ጥሶ አለፈ።

መፍትሔ ሆኖ ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱና ጠንካራው ዳግም መያያዝ ነው። በሚቀደደው አንሶላ መሐል የማግኔቱ መስክ ይጠፋል፤ የኤሌክትሪኩ መስክ ግን ይቀራል። እዚያ የገባ ቅንጣት የሚገታው ማግኔት ስለማያገኝ ጨረር ሳያባክን ይፈጥናል፤ ከአንሶላው ሲወጣ ደግሞ ያጠራቀመውን ጉልበት በአንድ ጊዜ ይረጫል። ቤኖዋ ሴሩቲና ባልደረቦቹ ከ2012 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት ይህን በኮምፒዩተር አስመስለው ወሰኑ በእርግጥ ሊጣስ እንደሚችል አሳዩ። እዚያ ኔቡላ ዘንድ ሄዶ የሚለካ የለም። ወደፊትም አይኖርም። ያለው ዘዴ ይኸው ብቻ ነው።

እንዴት ይሠራል? ማንስ ጀመረው?

ዘዴው ከሩቅ ሲሰማ እንጂ ሲያዩት አስፈሪ አይደለም። በኮምፒዩተሩ ውስጥ አንድ ሣጥን ይታሰባል። ሣጥኑ እንደ ቼዝ ሰሌዳ በትንንሽ ክፍሎች ይሸነሸናል፤ በየክፍሉም የኤሌክትሪክና የማግኔት መስኩ መጠን ይመዘገባል። ከዚያ ቅንጣቶች ይበተኑበታል። ቅንጣቶቹ እንደ ጉባኤ ተወካዮች ናቸው፤ እያንዳንዱ እጅግ ብዙ እውነተኛ ኤሌክትሮኖችን ይወክላል። መስኩ ቅንጣቶቹን ይገፋል፤ ቅንጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ መንቀሳቀሳቸው የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጥራል፤ ፍሰቱም በማክስዌል ሕግ መሠረት መስኩን ይለውጣል። ይኸው ተራ በብዙ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። የዘዴው ፍሬ ነገር በዚህ ያበቃል።

ከጀማሪዎቹ አንዱ ኦስካር ቡነማን ነበር። የዚህን ሰው ታሪክ የተማሪ ማኅበር አባል የሆነ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። በጀርመን አገር የሂሳብ ተማሪ ሳለ ናዚዎችን በመቃወሙ ታሰረ፤ በኋላም ወደ እንግሊዝ ተሰዶ ትምህርቱን ቀጠለ። በ1959 ባሳተመው ጽሑፍ በዘመኑ በነበረው ደካማ ኮምፒዩተር ጥቂት መቶ ቅንጣቶችን ብቻ ይዞ የፕላዝማን አለመርጋት አስልቶ አሳየ። በመጨረሻው የሕይወቱ ዘመን ትሪስታን የሚባለውን ፕሮግራም ጽፎ ለማንም እንዲደርስ አደረገ። ሲሮኒና ስፒትኮቭስኪ በ2014 ባወጡት ታዋቂ ጥናት፣ በዳግም መያያዝ ቅንጣቶች ምን ያህል እንደሚፈጥኑ ያሰሉት ከዚሁ ፕሮግራም በተወለደ ፕሮግራም ነው። ስደተኛ ተማሪ የጻፈው ነገር ዛሬም ይሠራል።

የማይታለፍ ጥያቄ

ኮምፒዩተር የሚያሳየው ሥዕል ሁሉ እውነት ነውን? ወንድማችንን አጥብቀን የጠየቅነው ይህንን ነበር። አይደለም አለን። በአጉሊ መነጽር ሥር ከቀለሙ አቀባብ የመጣ ጉድፍ በሽታ መስሎ እንደሚታየው ሁሉ፣ በዚህም ዘዴ ከስሌቱ የሚወለድ ሐሰተኛ አለመርጋት አለ።

ምሳሌ እነሆ። በተሸነሸነው ሣጥን ውስጥ ብርሃን ከእውነተኛው ፍጥነቱ ትንሽ ዝግ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጋ ቅንጣት በሣጥኑ ውስጥ ብርሃንን ይቀድማል፤ ቀድሞም በተፈጥሮ የሌለ ጨረር ይረጫል። ጎድፍሬይ የተባለ ሳይንቲስት በ1974 ይህን ችግር በዝርዝር አጥንቶታል። የማያውቅ ሰው «አዲስ አለመርጋት አገኘሁ» ብሎ ሊያትመው ይችላል።

ከትንሽ ሣጥን የሚመጣ ስህተትም አለ። ዜኒታኒና ሆሺኖ የተባሉ ጃፓናውያን በ2001 ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጋ ፕላዝማን ዳግም መያያዝ አስመስለው ቅንጣቶች በብርቱ እንደሚፈጥኑ አሳዩ። ቀጥለው በሠሩት ጥናት ግን አንሶላው ከመቀደዱ በፊት እንደ እባብ የሚያጣጥፈው ሌላ አለመርጋት መኖሩን፣ እርሱም ሥራውን ሊያደናቅፍ እንደሚችል አገኙ። ከዚያ በኋላ በ2014 በትልልቅ ሣጥኖች፣ በሦስቱም አቅጣጫ ሲሠራ፣ መታጠፉ ቢኖርም መቀደዱ በመጨረሻ እንደሚያሸንፍና ቅንጣቶቹ እንደሚፈጥኑ ታየ። ማንም አልዋሸም። እያንዳንዱ የቀደመውን መረመረ፤ የራሱንም ገደብ ተናገረ። ስለሆነም በቅርባችን መለካት የሚቻለው ሁሉ ይለካል። በመሬት ዙሪያ ያለውን ቀርፋፋውን ፕላዝማ ለመመርመር በ2015 የተላኩት አራት የአሜሪካ ሳተላይቶች፣ ኮምፒዩተር የተነበየውን የኤሌክትሮኖች እንቅስቃሴ በዳግም መያያዝ ቦታ ላይ አግኝተውታል።

እኛ ከዚህ የተማርነው ከፊዚክስ ይልቃል። በስብሰባችን የሚነገረው ስንቱ ነገር ከገዛ ሣጥናችን ጥበት የተወለደ ይሆን? ውጤቱ ከሕይወት የመጣ ነው ወይስ ከአለካካችን ብሎ መጠየቅ የሚያስተምር ትምህርት፣ ለፊዚክስ ተማሪ ብቻ ሊተው የሚገባው አይደለም።

የአገራችን ሰማይ

አሁን ወደ ዋናው ክስ እንምጣ። «ለአገር ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ስህተታችን መጠየቃችን አልነበረም፤ መልሱን ሳንሰማ መፍረዳችን ነው።

የመሬት ማግኔት ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ መስመር ላይ ከምድር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይሄዳል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ ማለትም ከ1957 እና 1958 ጀምሮ የመሬትን ማግኔት ሲመዘግብ የኖረው በዚህ ልዩ ቦታ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም በላይኛው የአየር ክፍል ያለው ፕላዝማ እርጋታውን ያጣና እንደ አረፋ ይንተከተካል፤ የሬዲዮና የጂፒኤስ ምልክቶችንም ያውካል።

በቀኑ ፍሰት ውስጥ ያለውን አንዱን አለመርጋት በ1963 ከገለጹት ሁለት ሰዎች አንደኛው ማን ነበር? ያው ኦስካር ቡነማን ነው። አለመርጋቱም በእርሱና በፋርሊ ስም ይጠራል። በእርግጥ የአገራችን ሰማይ ፕላዝማ ከብርሃን ፍጥነት እጅግ የራቀ ነው፤ ከሸርጣኑ ኔቡላ ጋር አንድ ነው ብለን አናጋንንም። የሚመረመርበት ዘዴ ግን አንድ ነው። ወንድማችን ዛሬ የሩቁን ኔቡላ ለማስላት የሚማረው ጥበብ፣ ነገ አገር ቤት ሲገባ በራሳችን ላይ የተዘረጋውን ሰማይ ለማጥናት ያገለግለዋል።

ወደ ሙያችንም ስንመለስ ያው ነው። ለካንሰር ሕክምና የሚያገለግለው የጨረር መሣሪያ በ6 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ሲሠራ ኤሌክትሮኖቹ ከብርሃን ፍጥነት 99.7 በመቶውን ይሮጣሉ። ታጂማና ዶሰን በ1979 ኤሌክትሮንን በሌዘርና በፕላዝማ በአጭር ርቀት ማፍጠን እንደሚቻል ሲያቀርቡ ሐሳባቸውን የፈተኑት በዚሁ የማስመሰል ዘዴ ነበር። 25 ዓመት ቆይቶ በ2004 ሦስት ቡድኖች ጥራት ያለው የኤሌክትሮን ጨረር በቤተ ሙከራ አወጡበት። ዛሬ ወደ ሕክምና ለማምጣት እየተሠራበት ነው። በ1979 «ይህ ለበሽተኛ ምን ይጠቅማል?» ብለን ብናስቆማቸው ኖሮ ምን እንል ነበር?

ለተቃዋሚዎቻችን

እስካሁን ድረስ የቀድሞውን አቋማችንን የያዙ ጓደኞች ሁለት ብርቱ መከራከሪያ አላቸው። የመጀመሪያው፣ ይህ ሥራ የሀብታም አገሮችን ግዙፍ ኮምፒዩተር ይጠይቃል የሚለው ነው። ትልልቆቹ ስሌቶች በእርግጥ ይጠይቃሉ። ነገር ግን ስሚለይና ዋርፕኤክስ የሚባሉት ፕሮግራሞች ከነጽሑፋቸው ለማንም በነፃ ክፍት ናቸው። ሁለት የኤሌክትሮን ፍሰቶች ሲተላለፉ የሚነሣውን ቀላሉን አለመርጋት ማንም በራሱ ላፕቶፕ በደቂቃዎች ውስጥ ማየት ይችላል፤ እኛም በዓይናችን አይተነዋል። ውድ ቤተ ሙከራ ለሌለው አገር በሩ ከተከፈተለት ጥቂት ሳይንስ ይህ አንዱ ነው። እርሱንም ራሳችን ልንዘጋው ነበር።

ሁለተኛው፣ እንዲህ ያለውን የተማረ ሰው ወደ አገር አይመለስም የሚለው ነው። ይህን ስንሰማ ግን ራሳችንን እንመልከት። ሐኪሞችስ ሁላችንም እንመለሳለን ወይ? በባዕድ አገር ሆስፒታል የሚያገለግለውን ኢትዮጵያዊ ሐኪም የማያውቅ ከመካከላችን አለ? የሙያ ጠቃሚነት ለሕዝብ ማገልገልን ዋስትና አይሰጥም። ዋስትናው የሰውየው ቁርጠኝነትና አገር ቤት የሚጠብቀው የሥራ ሁኔታ ነው። ስለዚህ «ሙያችን ለሕዝብ ነው» እያልን በሌላው ላይ መመጻደቃችን ግብዝነት ነበር።

በዚያው መጠን ለፊዚክስ ጓደኞቻችንም አንድ ሂስ አለን። ሥራችሁን በምንረዳው ቋንቋ አላስረዳችሁንም። ሕዝብ ያልገባውን ነገር ሕዝብ አይደግፈውም። ወንድማችን በስብሰባው ላይ ያንን ሁሉ በባዕድ ቃላት ከመደርደር ይልቅ አንሶላውንና መቀደዱን ነግሮን ቢሆን ኖሮ፣ ምናልባት እንዲያ ባልጮኽን ነበር።

ስለዚህ ማኅበራችን እንዲወያይበት የሚከተለውን እናቀርባለን፦

1ኛ/ ማንም አባል ስለ መረጠው የትምህርት ዘርፍ ሳይደመጥ እንዳይወገዝ፤ ጥያቄ እንዲቀርብለት፣ የሚመልስበትም በቂ ጊዜ እንዲሰጠው፤

2ኛ/ በወር አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ የሳይንስ የጥናት ክበብ እንዲቋቋም፤ የመጀመሪያውንም ስብሰባ ያ ወንድማችን በአማርኛ እንዲመራው፣ ለቃላቱም የአማርኛ ፍቺ በጋራ እንድናዘጋጅ፤

3ኛ/ በነፃ የሚገኙት ፕሮግራሞችና የአሠራር መመሪያቸው በአጭሩ ተዘጋጅተው አገር ቤት ላሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንዲላኩ።

እናት በወሊድ፣ ሕፃን በተቅማጥ መሞታቸው እውነት ነው። ለዚያ ነው ሕክምና የምንማረው፤ ከዚያም ሥራ አንሸሽም። ነገር ግን ዕውቀት ከሌላ ቦታ ተሠርቶ እስኪመጣለት የሚጠብቅ ሕዝብ ዘወትር ተቀባይ ሆኖ ይቀራል። የብብታችንን አጥብቀን እንያዝ። ወደ ቆጡም የሚወጣ ወንድም ሲገኝ፣ መሰላሉን እንያዝለት እንጂ አንንቀልበት።

በአዳራሹ ውስጥ ለተነቀፈው ወንድማችን፦ ይቅርታ እንጠይቃለን። የሚቀጥለውን ስብሰባ ፊት ለፊት ተቀምጠን እናዳምጣለን።